ልጃችሁ ፊደል እየገለበጠ ሲጽፍ እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል

ትልቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ላይ «ሶፋ» ጻፍ ሲባል «ሳፋ» ብሎ ይጽፍ ነበር። «ዳቦ» ደግሞ «ዶባ» ይሆናል። 3 ቁጥርማ አፏን ወደ ቀኝ ከፍታ ነው የምትቀመጠው።

እኔም «ደጋግሞ ቢጽፈው ይለምደዋል» አልኩ። ደብተሩ አናት ላይ አንድ «ሶ» ጻፍኩለት። ገጹን እስከ ታች ሙላ ብዬው ወደ ማጀት ገባሁ። ሽንኩርቱን አቁላልቼ ስመለስ ገጹ ሞልቷል። የመጀመሪያው መስመር ልክ ነው፤ የእኔን እያየ ጽፎታል። ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ግን ሁሉም «ሳ» ሆኗል። ልጄ አንድ ገጽ ሙሉ የተለማመደው ስህተቱን ነበር። እኔ ግን ይሄ አልታየኝም። ገጹን ቀድጄ «እንደገና!» አልኩት። ያን ማታ እርሳሱን ከፍራሹ ሥር ደብቆ ተኛ። ጠዋት አልጋውን ሳነጥፍ አገኘሁት።

ያ እርሳስ ከዓይኔ አይጠፋም። ትንሿ ልጄ ተራዋ ሲደርስ በሌላ መንገድ ሄድኩ። እዚህ የምጽፈው ከሁለቱም የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ አትደንግጡ

ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ አንዳንድ ፊደልና ቁጥር ቢገለብጥ የተለመደ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ላይ አብዛኛው በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስንፍና አይደለም። የአእምሮ ማነስም አይደለም። ልጄ ይማርበት የነበረ አንድ አፀደ ሕፃናት «ዓይኑን አስመርምሩት» ብሎኝ ነበር። ሄድን፤ ዓይኑ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀበናን አስቡ። አፉ ወደ ግራም ይዙር ወደ ቀኝ፣ ያው ጀበና ነው። ፍየልም በየትኛውም ጎኗ ብትቆም ፍየል ናት። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው የተማረው ይሄንን ነው፤ ዕቃ ቢዞር ስሙ አይቀየርም። ከዚያ ድንገት ፊደል ይመጣል። ይሄኛው ሲዞር ስሙ ይቀየራል። ልጁ ዓመታት ሲጠቀምበት የኖረውን ሕግ ለፊደል ሲል ብቻ መተው አለበት። ይሄ ጊዜ ቢፈጅ ምን ይገርማል?

1. የሚገለብጠውን ለዩ

የአንድ ሳምንት ደብተሩን አገላብጡና የተገለበጡትን በወረቀት መዝግቡ። ብዙ አይሆኑም። ልጄ ላይ ያገኘሁት ስድስት ብቻ ነበር።

በእኛ ፊደል የት የት መፈለግ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። «በ»፣ «ሰ»፣ «ሀ» ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል ቢገለበጡም አይታወቅም። መገለበጡ የሚታየው ቅጥያው ላይ ነው። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ቅጥያቸው ወደ ቀኝ ነው። «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ቤ» ብላችሁ እዩት። ስለዚህ ልጁ ቅጥያውን ወደ ግራ የሚያደርግ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስተምሩት፤ «ጭራዋ በቀኝ ናት»። ሦስቱም አብረው ይስተካከላሉ።

የሚያስቸግሩት ራብዕና ሳብዕ ናቸው። «ሳ» የቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ «ሶ» የግራ እግሯ። «ባ» እና «ቦ»፣ «ዳ» እና «ዶ»፣ «ዛ» እና «ዞ» እንደዚያው ናቸው። አንዷን ስትገለብጡ ሌላዋ ትወጣለች። ልጁም «ትክክል ነው የጻፍኩት» ብሎ ይከራከራችኋል፤ የጻፈው ነገር እውነተኛ ፊደል ነዋ።

2. አንዷን ብቻ ያዙ

«ሳ» እና «ሶ»ን በአንድ ቀን አታስተምሩ። «ልዩነታቸውን ይየው» ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብልህነት ይመስላል። በተግባር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይደባልቅበታል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሳ»ን ብቻ ያዝኩ። ሳሙና፣ ሳንቲም፣ ሳር። «ሶ» ከቤታችን ጠፋች።

3. መነሻውን አስይዙት

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ተጽፎ ያለቀ ፊደል እያየን «ተገልብጧል» እንላለን እንጂ ስህተቱ የሚጀምረው እርሳሱ ወረቀቱን ሲነካ ነው። እጁ ከየት እንደሚነሳ ካወቀ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ልጁ ሲጽፍ አጠገቡ ሁኑ፣ መነሻውን እዩ። ለ«ሳ» የግራው እግር ይቀድማል፣ አጭር ነው። ከዚያ ጣሪያው። ከዚያ ረጅሙ እግር ወደ ታች። አናቷ ላይ ያለችው ጭረት መሃል ላይ ስለሆነች አትገለበጥም። እኔ እየጻፍኩ «አጭር፣ ጣሪያ፣ ረጅም» እላለሁ፣ ትንሿ ልጄም አብራኝ ትላለች። ለ«ሶ» ደግሞ «ረጅም፣ ጣሪያ፣ አጭር»። በሁለቱም የሚጀመረው ከግራ ነው።

ችግሩ «ግራ» የሚለው ቃል ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ግራና ቀኙን በደንብ አይለይም። እኛ ደሴ ሆጤ ነው የምንኖረው። ከጠረጴዛችን በግራ በኩል ያለው መስኮት ወደ ጦሳ ተራራ ያያል። እኔም መላ አገኘሁ ብዬ «ከጦሳ በኩል ጀምሪ» አልኳት። ግሩም ሆነ! በሦስት ቀን ውስጥ «ሳ» አንዴም አልተገለበጠም። ደስታዬን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብተር ስከፍት ሁሉም ተገልብጧል። ጠየቅኳት። «እማየ፣ ክፍላችን ውስጥ ጦሳ በዚህ በኩል ነው» ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ልጄ ያልኳትን በትክክል ነበር ያደረገችው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ምልክቱን ከቤቱ፣ ከበሩ፣ ከመስኮቱ ጋር አታያይዙት። ልጁ በሄደበት አብሮት የሚሄድ ይሁን። እኔ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመርኩ። «ከአረንጓዴው በኩል እንነሳለን» ነው ቃላችን። ሁለተኛ፣ ለዒድ ሂና ስንቀባ የግራ አውራ ጣቷን ጥፍር ብቻ ቀባሁላት። ስትጽፍ ደብተሩን የምትይዘው በዚያ እጇ ስለሆነ ቀዩ ጥፍር ሁልጊዜ ከመነሻው በኩል ይታያታል። ትምህርት ቤትም አብሯት ይሄዳል። ሂና የማይቀባ ቤት በእስኪርቢቶ ነጥብ ማድረግ ይችላል፤ በየቀኑ ማደስ ብቻ ነው።

በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ካላችሁ ምልክቱ ያው በግራ ይሁን፤ የፊደሉ መነሻ አይቀየርም። እጅ ቀይር ብላችሁ ግን በፍጹም አታስገድዱት።

4. ከደብተር በፊት በትልቁ

ትሪ ላይ ጨው በስሱ በትኑና በጣቱ ይጻፍበት። ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ስህተቱ ይጠፋል። ላጲስ የለ፣ የተቀደደ ገጽ የለ። ከዚያ ጠመኔና ሰሌዳ። ጠመኔ ስለሚሻክር እጅ መንገዱን ይሰማዋል፤ ከእርሳስ ይልቅ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ደብተር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ነጠብጣብ እያገናኙ የሚጽፉባቸውን መጻሕፍት ሰው ሁሉ ይገዛል። እኔ አልወዳቸውም። ልጁ ከፈለገበት ነጥብ ተነስቶ ቢሄድም መጨረሻ ላይ ፊደሉ ያምራል፤ እናንተም የተማረ ይመስላችኋል። ቤት ካለ አትጣሉት፣ መነሻዋን ነጥብ ብቻ በአረንጓዴ አድምቁለት።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲደክመው አቁሙ።

5. ሁለቱን አገናኙ

«ሳ» ያለ ምልክት ልክ ስትወጣ «ሶ»ን ለብቻዋ አስተምሩ። እሷም ስትረጋ አገናኟቸው። ያኔ ልዩነቱ ትርጉም ባለው ነገር ይታይ። ሳፋና ሶፋ። ካባና ኮባ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ «ሂጂና ዕቃው ላይ ለጥፊ» እላታለሁ። ልብስ ማጠቢያው ላይ «ሶፋ» ከተለጠፈ ራሷ ትስቃለች።

ነገሩ የገባት ግን በክረምት ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል። ምድጃው ላይ ውሃ ይፈላል፣ የመስኮቱ መስታወት ላቡን አውጥቷል። በጣቷ ትልቅ «ሳ» ጻፈችበት። ወንድሟ ከውጭ ቆሞ «ሶ!» ብሎ ጮኸ። «ሳ ነው!» «ሶ ነው!» ተጨቃጨቁ። እየሮጠች ወጥታ ከውጭ አየችው። ዝም አለች። ተመልሳ ገብታ ከውስጥ አየችው። እንደገና ወጣች። አራት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ «እማየ፣ አንድ ናት እኮ፣ ዞራ ነው» አለችኝ። ለሳምንታት ልነግራት የሞከርኩትን መስታወቱ ነገራት። እናንተም ሞክሩት። ላብ ከሌለው የመስኮቱ መስታወት ላይ በሳሙና ይጻፋል።

ሲሳሳት ምን እንበል

በቀይ አታስምሩበት። «ተሳስተሃል»ም አያስፈልግም። «ከየት ነው የተነሳኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙውን ጊዜ ራሱ አይቶ ያስተካክላል። ካላየው እጁን ይዛችሁ አንዴ አብራችሁት ጻፉ፣ ከዚያ እለፉ።

መድረሳ ለሚሄዱ

ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ልጆች ጠዋት አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ደግሞ በመድረሳ ዐረብኛ ይማራሉ። ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ልጄ አንድ ሰሞን የአማርኛ ስሟን ከቀኝ ጠርዝ ጀመረችው። አንዳንድ ሰው «አንዱን አስቁሚያት» አለኝ። አላስቆምኳትም። የመድረሳውን ደብተር ቀኝ ጠርዝ በቡናማ አሰመርኩት። ደብተሩን ስትከፍት መጀመሪያ ቀለሙን ትፈልጋለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። ለኡስታዟም ነገርኳቸው፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ።

ቁጥርና እንግሊዝኛ

2፣ 3፣ 7 እና 9 በብዛት የሚገለበጡት ወደ ግራ ስለሚያዩ ነው። መነሻቸውን በነጥብ አሳዩ፣ ያው ዘዴ ይሠራል። የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ቢ እና ትንሿ ዲ ደግሞ የ«ሳ» እና የ«ሶ» ዘመዶች ናቸው። ቢ ላይ መጀመሪያ ዱላው፣ ቀጥሎ ሆዱ። ዲ ላይ መጀመሪያ ሆዱ፣ ቀጥሎ ዱላው። እነሱንም በተለያየ ሳምንት።

መቼ ሰው ማማከር

መገልበጥ ብቻውን የዲስሌክሲያ ምልክት አይደለም። ዲስሌክሲያ በዋናነት ድምፅን ከፊደል ጋር ማገናኘት ላይ የሚታይ ችግር ነው። ልጁ ስምንት ዓመት አልፎት አሁንም አዘውትሮ የሚገለብጥ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የፊደሉን ድምፅ የሚረሳ ወይም ከእኩዮቹ ርቆ በማንበብ የሚቸገር ከሆነ መምህሩን አነጋግሩ፤ ባለሙያ እንዲያየውም አድርጉ። ደህና ይጽፍ የነበረ ልጅ ድንገት ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ምልክቱን ማንሳት

አረንጓዴውን መስመር በአንድ ቀን አታጥፉት። እኔ መጀመሪያ ግማሽ ገጽ ድረስ አሳጠርኩት፣ ቀጥሎ አናት ላይ ነጥብ ብቻ አስቀረሁ። ሂናው ከጥፍሯ ጋር እያደገ ወደ ጫፍ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ጥፍሯን ስቆርጥላት የመጨረሻዋ ቀይ ቁራጭ ወደቀች። እንዳታይ ብዬ ቶሎ ጠረግኳት። ሰኞ ማታ ደብተሯን ከፈትኩ። «ሳፋ»፣ «ሶፋ»፣ «ዳቦ» ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።