ኤልኢዲ ከመኪና ባትሪ ጋር ስታገናኙ ሬዚስተር አትርሱ

ትንሿን ቀይ የኤልኢዲ መብራት በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አታገናኟት። ብልጭ ብላ ወዲያው ትቃጠላለች። እሷ የምትፈልገው 2 ቮልት ገደማ ነው። የቀረውን 10 ቮልት የሚሸከምላት ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ ያስፈልጋታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የቀረውን ቮልት በምትፈልጉት ከረንት አካፍሉት። ለ20 ሚሊአምፔር (0.02 አምፔር) ከሆነ 10 ለ0.02 ሲካፈል 500 ኦም (የሬዚስተር መለኪያ) ይመጣል። ሱቅ ላይ በቀላሉ የምታገኙት ግን 560 ነው።

ለመኪና እኔ 1000 ኦም እመርጣለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ወደ 14 ከፍ ይላል። ያኔ 560ው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሩብ ዋት ያልፋል፤ ትንሹ ሬዚስተር ደግሞ የሚችለው ሩብ ዋት ብቻ ነው፣ ይግላል። በ1000ው ከረንቱ 12 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ብርሃኑ ለጠቋሚ መብራት ከበቂ በላይ ነው። 1000ውን ለመለየት ሬዚስተሩ ላይ ያሉትን የቀለም ቀለበቶች እዩ፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ወርቃማ።

ሬዚስተሩን በፖዘቲቩ በኩል አስገቡት በኔጌቲቩ፣ ለውጥ የለውም። በአንድ መስመር የሚሄድ ከረንት የትም ቦታ እኩል ነው። ኤልኢዲዋ ግን አቅጣጫ ትመርጣለች፤ ረጅሙ እግሯ ወደ ፖዘቲቭ ይሁን።