ለኮምፒውተርዎ ድምፅ ማዘርቦርዱ ይበቃል ወይስ ሳውንድ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የኮምፒውተሩ ድምፅ አልጠራ ያለው ሰው ምክር ሲጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ድምፅን ብቻ የሚያስተናግድ ተጨማሪ ካርድ እንዲገዛ ይነገረዋል። ሆኖም ችግሩ ያለ ምንም ወጪ የሚፈታ ሊሆን ስለሚችል፣ ገበያ ከመውጣት በፊት መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ በማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ በሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ ላይ ያለዎትን ይወቁ። የዴስክቶፑን ገመድ ከሶኬት ነቅለው ክዳኑን ሲከፍቱ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝና ሰማያዊ የጃክ ቀዳዳዎች ባሉበት ጠርዝ አጠገብ፣ በትንንሽ ካፓሲተሮች የተከበበች አራት ማዕዘን ቺፕ ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ የሪልቴክ ምርት ናት። በርከት ባሉ ማዘርቦርዶች ላይ ይህን ክፍል ከሌላው የሚለይ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ዓላማውም የቀረው የቦርዱ ክፍል የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ድምፁ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ16 ቢት የተቀዳ ሙዚቃ፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ሊይዝ የሚችለው ልዩነት 96 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን፣ ኤኤልሲ 1220 ለተባለችው ቺፕ ሪልቴክ የሚገልጸው፣ በማጫወት ጊዜ በድምፁና በቺፗ የራሷ ረብሻ መካከል ያለው ልዩነት 120 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ከቺፗ ይልቅ ድምፁ በሚያልፍባቸው ሽቦዎችና ቀዳዳዎች ላይ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ምንም ሳያጫውቱ ሄድፎኑን ሰክተው ድምፁን ከፍ ያድርጉና ያዳምጡ፤ ማውሱን ያንቀሳቅሱ፣ አንድ ትልቅ ፋይልም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚህ ጋር አብሮ የሚጮህ ወይም የሚንጫጫ ነገር ከተሰማ፣ ሄድፎኑን ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ ነቅለው ከኋላ ወዳለው አረንጓዴ ቀዳዳ ያዛውሩት። የፊቱ ቀዳዳ በኬሱ ውስጥ በሚያልፍ ረጅም ሽቦ ስለሚገናኝ ረብሻን በቀላሉ ይሰበስባል። ሙዚቃ ከመክፈትዎ በፊት ድምፁን መልሰው መቀነስዎን አይርሱ፤ ጆሮ ከተጎዳ መተኪያ የለውም።

የሚሰማው ወፍራምና የማያቋርጥ እምምታ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩን ይጠርጥሩ። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ፣ በተለይ ኮምፒውተሩና የስፒከሩ ድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ይህ ድምፅ ወደ ስፒከሩ ሊገባ ይችላል። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅለው ልዩነቱን ያዳምጡ። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የምድር መስመሩን መቁረጥ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ በፍጹም አይሞክሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፁ ከጠራ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ጌም ለሚጫወት ወይም ከቢሮው በኢንተርኔት ስብሰባ ለሚካፈል ሰው ማዘርቦርዱ በቂ ነው ባይ ነኝ።

ቀረጻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወሎ የመንዙማ፣ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር በመሆኑ፣ በቤቱ የሰው ድምፅ ወይም ማሲንቆ መቅዳት የሚሻ ሰው ብዙ ነው። የማሲንቆ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋ ጆሮ የሚከተለው ያንን የመጨረሻውን ስስ ድምፅ ሲሆን፣ የማይክ መሰኪያ በሆነው ሮዝ ቀዳዳ ሲቀዳ ግን በሽሽታው፣ ማለትም ከጀርባ «ሽሽ» በሚለው ድምፅ ይዋጣል። ምክንያቱም የማዘርቦርዱ የማይክ መግቢያ ደካማ ስለሆነ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የማይክ ማጉያ 20 ወይም 30 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ከድምፁ ጋር ሽሽታውንም ያጎላል። ለዚህ ሥራ የምመክረው ኬስ ውስጥ የሚገባ ካርድ ሳይሆን፣ የራሱ የማይክ ማጉያ ያለውና በዩኤስቢ የሚሰካ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። ከኮምፒውተሩ የውስጥ ረብሻ ይርቃል፣ ለላፕቶፕም ይሆናል። የሚጠቀሙት ኮንደንሰር ማይክ፣ ማለትም ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ የማይክ ዓይነት ከሆነ፣ መሣሪያው 48 ቮልት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ዘፋኙ ድምፁን ሳይዘገይ በሄድፎኑ እንዲሰማ ደግሞ ቀጥታ የማዳመጫ ማብሪያ ቢኖረው መልካም ነው።

የውስጥ ካርድ የሚያዋጣው በተለይ 250 ወይም 300 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ያለው ሄድፎን ላለውና ማዘርቦርዱ በበቂ ኃይል ማጫወት ላቃተው ሰው ነው። ይህን ከመረጡ በማዘርቦርዱ ላይ ክፍት የሆነ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ፣ ማለትም ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ቦታ መኖሩንና ግራፊክስ ካርዱ እንዳልሸፈነው አስቀድመው ይዩ። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሾቹ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች የተበላሸ ጃክ ለመተካት ያገለግላሉ፤ የድምፅ ጥራት ይጨምራሉ ብለው ግን አይግዟቸው።

ደሴ ፒያሳም ይሁን ሌላ ቦታ ሲገዙ የራስዎን ሄድፎንና ማይክ፣ ከተቻለም ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። ድራይቨሩ፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ለሚጠቀሙበት ዊንዶውስ የሚሆን መሆኑን ጠይቀው፣ ሱቁ ውስጥ አጭር ቀረጻ ያድርጉና በሄድፎን ካዳመጡት በኋላ ሒሳቡን ይክፈሉ።