ስትሬላ-1ን ለጌም ማጨት፦ ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል?

ቀን ቀን ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ታንክ እነዳለሁ። ባለፈው ክረምት መብራትና ኔትወርክ ተራ እየገቡ ሲጠፉብኝ መጫወቱን ተውኩና መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩት ፕሮፖዛል ነው። ወታደራዊ ጌም የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተሽከርካሪ ጨዋታቸው ውስጥ እንዲጨምሩ የሚጠይቅ። ተሽከርካሪው ስትሬላ-1 ይባላል። በጎማ የሚሄድ፣ አራት ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል የተሸከመ ትንሽ የሶቪየት ብረት ለበስ ነው።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ጣልኩት። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ፕሮፖዛል ማለት ሽማግሌ እንደመላክ ነው። ሽማግሌው "ልጃችን አንድም እንከን የለበት" ካለ የልጅቷ ቤተሰብ ያኔውኑ ይጠረጥራል። ጌም ሠሪም እንደዚያው ነው። መሣሪያው ምን ላይ እንደሚደክም ካልነገራችሁት፣ እንዴት ሚዛኑን ጠብቆ ጨዋታ ውስጥ እንደሚያስገባው ግራ ይገባዋል።

እናም ምርጫው ላይ ትልቁን አትውሰዱ። ሁሉም ሰው ፓንትሲር፣ ኤስ-300 እያለ ስለ ታላላቆቹ የሩሲያ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያዎች ይጽፋል። ድክመቱ ራሱ ጨዋታ የሚሆን መሣሪያ ፈልጉ። ጨዋታው ውስጥ ቀድሞ መግባት አለመግባቱን፣ ሌላ ሰው ሐሳቡን አቅርቦት እንደሆነም አጣሩ። ይሄ አሥር ደቂቃ ነው፤ አሥር ቀን ያድናል።

እኔ ስትሬላ-1ን የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ ቢአርዲኤም-2 የሚባለውን በጎማ የሚሄድ የሶቪየት የቅኝት ብረት ለበስ ነድተዋል። ስትሬላ-1 ደግሞ የቢአርዲኤም-2ን አካል ወስዶ፣ ማማውን አንስቶ፣ በቦታው የሚሳይል ማስወንጨፊያ የተተከለበት ነው። ሶቪየቶች አገልግሎት ላይ ያዋሉት በ1968 ነው፤ በፈረንጅ። ይህችን "በፈረንጅ" የምትል ቃል አደራ እንዳትረሷት። ጋሼን "በ1968 ነው የገባው" ስላቸው፣ "ደርግ በመጣ በዓመቱ ማለት ነው?" ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ስለዚያ ዓመት አወሩኝ። በእኛ አቆጣጠር 1960 ወይም 1961 ነው የሚሆነው። ማስታወሻችሁን በአማርኛ የምትይዙ ከሆነ ከጅምሩ አንዱን አቆጣጠር ያዙ። እኔ ሁለቱን ደባልቄ አንዱን ሚሳይል ከተሠራበት ዓመት በፊት አስተኩሼዋለሁ።

ቀጣዩ ወጥመድ መሠረቱን ተሽከርካሪ እንዳለ መገልበጥ ነው። ቢአርዲኤም-2 ከአራቱ ትልልቅ ጎማዎች ሌላ ሆዱ ላይ አራት ትናንሽ ጎማዎች አሉት፤ ቦይ ሲሻገር ያወርዳቸዋል። ጋሼ እነዚያን ጎማዎች በፍቅር ነው የሚያወሩት። እኔም በፍቅር ሣልኳቸው፤ "ቦይ ይሻገራል" ብዬም ጻፍኩ። በኋላ የስትሬላ-1ን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሳይ ትናንሾቹ ጎማዎች የሉም። ተነስተዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ የተቀደደው ያን ቀን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉና ምን ተነሳ፣ ምን ተጨመረ እያላችሁ ጻፉ። የቀረውን ግን መውሰድ ትችላላችሁ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፣ አስፋልት ላይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጠጋል፣ ውሃ ላይም በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዋኛል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ የሚሳይሉ ዓይን። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፕሮፖዛሉ የሚያምረውም የሚሞተውም እዚህ ነው።

አብዛኞቹ ትናንሽ ሚሳይሎች የሞተር ሙቀት ይከተላሉ። የስትሬላ-1 ሚሳይል፣ 9ኤም31 የሚባለው፣ የሚያየው ግን የብርሃን ልዩነትን ነው። ደማቅ ሰማይ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ። በነጭ ነጠላ ላይ የወደቀች የወጥ ጠብታ አስቡ። ነጠላው ንጹሕ ከሆነ ጠብታዋ ከሩቅ ትታያለች። ጨርቁ ዝንጉርጉር ከሆነ ግን የት እንዳለች ፈልጉ!

ከዚህች አንዲት ነገር ብዙ የጨዋታ ሕግ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ በደመና ከተሸፈነም ይሠራል። የሚያስቸግረው ቁርጥራጭ ደመና ነው፤ የመስከረም ሰማይ ማለት ነው። ማታ የለም። ዒላማው ከፀሐይ ከ20 ዲግሪ በላይ መራቅ አለበት። ከአድማስ በላይም ከ2 ዲግሪ በላይ ከፍ ማለት አለበት፤ ካልሆነ መሬቱ ዓይኑን ያምታታዋል።

ዲግሪ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ አንባቢው አይታየውም። እኔ የቤታችን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ መዳፋችሁን ብትከፍቱ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ደግሞ ወደ 2 ዲግሪ ነው። አውራ ጣቴን ጎሐ ተራራ ጫፍ ላይ አስቀምጬ አሞሮቹን ተከተልኩ። ከጣቴ በላይ የሚያንዣብበው አሞራ ለሚሳይሉ ይታያል። ዝቅ ብሎ ተራራውን ተደግፎ የሚሄደው አይታይም። ፀሐይዋ አጠገብ መዳፌ የሚሸፍነው ክበብ ውስጥ የገባውም አመለጠ። እናቴ ከታች ሆና "ምን እየቆጠርክ ነው?" አለችኝ። "አሞራ" አልኳት። ዝም ብላ ገባች። ጦርነት ጨዋታ ሲሆን አትወድም፤ አልፈርድባትም።

እንግዲህ ይህን ወደ ጌም ቋንቋ ቀይሩት። የሄሊኮፕተር ተጫዋች ተራራ ተደግፎ ከበረረ ይድናል። አብራሪው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ቢመጣ ይድናል። በምትኩ ስትሬላ-1 ከፊት የሚመጣን አውሮፕላን መምታት ይችላል፤ ሙቀቱን ስለማይፈልግ። በዚያው በ1968፣ በፈረንጅ፣ አገልግሎት የገባው ከትከሻ የሚተኮሰው ስትሬላ-2 አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ከኋላው ብቻ ነበር የሚከተለው። ይህች ንጽጽር ብቻዋን ሁለት ገጽ ቁጥር ትበልጣለች።

ሌላም የምወዳት ነገር አለች። የማስወንጨፊያውን ማማ የሚያዞረው ሞተር አይደለም። ተኳሹ በራሱ ጉልበት ነው የሚያዞረው። ጌም ላይ ማውስ ስታንቀሳቅሱ ወዲያው ዞር የሚለው ነገር እዚህ ከባድ መሆን አለበት። ይህን ስጽፍ "ቀርፋፋ ነው" ብዬ አልተውኩም። አንድ ሁኔታ ጻፍኩ። ሁለት አውሮፕላን በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣሉ፣ አንዱን ተኩሰህ ወደ ሌላው ስትዞር ምን ይፈጠራል? ሦስት አረፍተ ነገር ነው፤ ግን ሠሪው ዓይኑ ላይ ጨዋታው ይሄድለታል።

ቁጥሮች ላይ መጽሐፍት አይስማሙም፤ አትደንግጡ። የሚሳይሉ የመጀመሪያ ዓይነት ከ800 እስከ 4200 ሜትር ርቀት ይመታል ይላሉ የሩሲያ ምንጮች። የድሮ የምዕራባውያን ጽሑፎች እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚያደርሱት አሉ። ሁለተኛው ረቂቄ ላይ 8ን መርጬ ነበር፤ ስለሚያምር። ይህ ስህተት ነው። ሁለቱንም ጻፉ፣ ለምን አንዱን እንደምታምኑ ንገሩ፣ ከዚያ ትንሿን ይዛችሁ ሐሳባችሁን ገንቡ። እኔ ያመንኩት 4200ን ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ብትለኩት ግማሽ መንገድ እንኳ አይሆንም። ሚሳይሉ ራሱ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር ነው፣ ፈንጂው 2.6 ኪሎ ብቻ ነው። ትልቅ ቦምብ ጣይ በአንድ ምት አይወድቅ ይሆናል። ይህንንም ጻፉት።

ተሽከርካሪው ጨዋታው ውስጥ የሚቀመጥበትን ደረጃ ለመወሰን ከማን ጋር ይሠራ እንደነበር እዩ። በሶቪየት ሬጅመንት ውስጥ አራት ስትሬላ-1 ከአራት ሺልካ ጋር ነበር የሚሰለፈው። ሺልካ በራዳር የሚታገዝ ባለ አራት አፈሙዝ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቅርቡን እሱ ይይዛል፣ ራቅ ያለውን ስትሬላ። ስለዚህ ከሺልካ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጥ ብዬ ጠየቅኩ። የብረት ልብሱ ቀጭን ነው፤ ታንክ ካየው አለቀ። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስለ ምንጭ አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅ። በአደባባይ የታተመ ነገር ብቻ ተጠቀሙ። በ2021፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ዋር ተንደር የሚባለው የጦርነት ጌም አንድ ተጫዋች የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ በትክክል አልተሠራም ብሎ ተከራከረና ለማስረጃ ከሠራዊቱ መመሪያ ገጾችን አወጣ። ጌም ሠሪዎቹ ገጾቹን አነሷቸው። ክርክሩን ቢያሸንፍም እንዲህ ዓይነት ነገር ሠሪዎቹ መንካት አይፈልጉም። ሐሳባችሁም ከገጾቹ ጋር ይወድቃል። "ዘመዴ ወታደር ነው፣ አንድ ወረቀት አለው" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ላፕቶፑን ዝጉና ቡና ጠጡ።

ጽሑፉን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝኛ ስጀምር ያልገባኝን ነገር በትልልቅ ቃላት እሸፍን ነበር። በአማርኛ ስጽፍ ያልገባኝ ቦታ ላይ ብዕሬ ይቆማል። የሚሳይሉን ዓይን በትክክል የተረዳሁት "ወጥ የነካው ነጠላ" ብዬ ስጽፍ ነው። ከዚያ በአጭር እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ሦስት ገጽ፣ አምስት ፎቶ። ከፎቶዎቹ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ማስወንጨፊያው ወደ ላይ ቀና ብሎ ሚሳይሎቹ ለተኩስ ዝግጁ ሆነው የሚታዩበት ይሁን።

ከመላኬ በፊት ወረቀቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። ሱቄ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ተኳሹ አለ፤ ሚሳይሉ አለ" አሉ። "ሹፌሩስ የት አለ?"

እውነትም ስለ ሹፌሩ አንድ መስመር አልነበረም። ተቀምጠው ነገሩኝ። ቢአርዲኤም-2 የጎን በር የለውም፤ ሠራተኛው ከፊት ለፊት በላይ ባሉት ሁለት ክዳኖች ነው የሚገባው። ሹፌሩና አዛዡ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተኩስ ሲኖር የፊት መስኮቶቹ በብረት ይዘጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ዓለሙን በጠባብ መመልከቻ ነው የምታየው። ሙቀቱን ሲነግሩኝ ሸሚዛቸውን ያዝ አድርገው አራገቡት።

የተዘጋው መስኮት ጨዋታ ላይ ምን እንደሚለውጥ አራት መስመር ጨመርኩ። ሙቀቱን የማስገባበት ቦታ አላገኘሁም። በማግስቱ ጠዋት፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ፣ ላክሁት።