ልጅ ይዞ መሀል ከተማ ሲወጣ፦ አንበሳ ፍለጋ

ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ለገሃር አካባቢ ጉዳይ ካላችሁ፣ እንዳይሰለች ብላችሁ ስልክ አትስጡት። አንበሳ አስፈልጉት።

ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የይሁዳ አንበሳ ጀምሩ። ታሪኩን ንገሩት፦ ጣልያን በወረራው ጊዜ ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ተመለሰ። ልጆች እንዲህ ያለ ታሪክ ሲወዱ! ደጋግመው ያስወሯችኋል።

ከዚያ በእግር ትንሽ ሽቅብ ስትሉ፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ትልቁን የድንጋይ አንበሳ ታገኛላችሁ። «የትኛው ቆሟል? የትኛው ተቀምጧል?» በሉት። በመንገድ የሚያልፍ አንበሳ አውቶቡስም ይቆጠርለት።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ብትወጡ ይሻላል። ውኃና ትንሽ ቆሎ ያዙ። መኪናው ብዙ ነውና አስፋልት ስትሻገሩ እጁን እንዳትለቁት፤ አንበሳውን ካየ ይሮጣል።