ለ10 ቢት ኤስኤአር ኤዲሲ ትንሽ ኃይል የሚወስድ ኮምፓራተር እንዴት ይሠራል?

ኤስኤአር ኤዲሲ ቮልቴጅን ቢት በቢት እየገመተ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ኮምፓራተሩ በየቢቱ ከሁለት ቮልቴጆች የትኛው እንደሚበልጥ ይወስናል። ኮምፓራተር ስትነድፉ ከትራንዚስተር መጠን አትጀምሩ፤ የኃይል ፍጆታውን በዋናነት የሚወስነው ኖይዙ (የዘፈቀደ የቮልቴጅ መዋዠቁ) ስለሆነ ከእሱ ጀምሩ። በ180 ናኖሜትር ሲሞስ፣ በ1.8 ቮልት የሚሠራና እስከ 1 ቮልት የሚለካ ኤዲሲ እንውሰድ። 1 ቮልት ለ1024 ሲካፈል አንዱ እርከን 0.98 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል፤ የኳንታይዜሽን ኖይዙ (ቮልቴጁን ወደ እርከን ከማጠጋጋት የሚመጣው ስህተት) ደግሞ 0.28 ሚሊቮልት ነው። የኮምፓራተሩን ኖይዝ ወደ ግማሹ፣ ማለትም ወደ 0.14 ሚሊቮልት ካወረዳችሁት ከምልክት-ኖይዝ ንጽጽሩ የምታጡት 1 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በታች መውረድ ብዙ ያስከፍላል፤ ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ካፓሲታንሱም ኃይሉም 4 እጥፍ መሆን አለበት።

ሰርኪዩቱን ስትሮንግአርም ላች (በክሎክ እየተቀሰቀሰ ትንሽ ልዩነትን ወደ 0 ወይም 1 የሚያጎላ ሰርኪዩት) አድርጉት። 11 ትራንዚስተር ይበቃዋል፦ ከታች በክሎክ የሚከፈት አንድ ኤንሞስ፣ ሁለት የመግቢያ ኤንሞስ፣ እርስ በርስ የተሻገሩ ሁለት ኢንቬርተሮች፣ እንዲሁም ክሎኩ ዝቅ ሲል መውጫዎቹንና የመግቢያ ጥንዱን ድሬኖች ወደ 1.8 ቮልት የሚመልሱ 4 ፒሞስ። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ከሊኬጅ በቀር ከረንት አይፈስም። በአንድ ውሳኔ 50 ፌምቶፋራድ ቢሞላና ቢራገፍ 162 ፌምቶጁል ይወስዳል። በሰከንድ 100,000 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ 10 ውሳኔ ሲታሰብ 0.16 ማይክሮዋት ይሆናል። ሁልጊዜ 5 ማይክሮአምፔር የሚስብ ፕሪአምፕ (ከላቹ በፊት የሚገባ ማጉያ) ግን ብቻውን 9 ማይክሮዋት ይበላል።

የመግቢያ ጥንዱን ሰፊ፣ የታችኛውን የክሎክ ትራንዚስተር ጠባብ አድርጉ። ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ላቹ ከመገልበጡ በፊት ምልክቱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚጎለብት ኖይዙ ይወርዳል።

ብዙ ጀማሪ ኃይሉን የሚያባክነው ኦፍሴትን (ሁለቱ መግቢያዎች እኩል ሲሆኑም ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብለውን ስህተት) በማሳደድ ነው። ኮምፓራተሩ አንድ ብቻ ከሆነ ቋሚ ኦፍሴት ውጤቱን ሁሉ እኩል ያንሸራትታል እንጂ መስመሩን አያጣምምም። አደጋው ኦፍሴቱ ከመግቢያው የጋራ ቮልቴጅ (የሁለቱ መግቢያዎች አማካይ) ጋር ሲለዋወጥ ነው። የዳኩ (ለኮምፓራተሩ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ የሚያዘጋጀው የካፓሲተር ድርድር) ስዊቺንግ የጋራ ቮልቴጁን በየቢቱ የሚያወርድ ዓይነት ከሆነ ስህተቱ ቀጥታ በአይኤንኤል (ከቀጥታ መስመር የመራቅ ስህተት) ላይ ይታያል። ስለዚህ የጋራ ቮልቴጁን 0.9 ቮልት አካባቢ የሚያቆይ ስዊቺንግ ምረጡ።

ኖይዙን በትራንዚየንት ኖይዝ ሲሙሌሽን ለኩ። ኦፍሴቱን ካስተካከላችሁ በኋላ ትንሽ ልዩነት አስገቡና 1000 ውሳኔ አስወስኑ። ከነዚህ 841 ያህሉ “1” የሚሆኑበት ልዩነት የኖይዙ አርኤምኤስ (የመዋዠቁ አማካይ መጠን) ነው።

ቀጥሎ ሪሴቱን (ፒሞሶቹ መውጫዎቹንና ድሬኖቹን ወደ 1.8 ቮልት መመለሳቸውን) ፈትኑ፦ መጀመሪያ 0.5 ቮልት ልዩነት፣ ወዲያው በተቃራኒው አቅጣጫ ግማሽ እርከን ስጡት። የፊተኛውን መልስ ከደገመ ሪሴቱ አልተሟላም፤ ፒሞሶቹን አስፉ ወይም የሪሴት ጊዜውን አርዝሙ። ይህን ፈተና ድሬኖቹን የሚመልሱትን ሁለቱንም ፒሞሶች አውጥታችሁ ብትደግሙት የእነሱን ጥቅም በግልጽ ታያላችሁ።

ላቹ ሲገለበጥ ድሬኖቹ ወደ ዜሮ ስለሚወርዱ በጌት-ድሬን ካፓሲታንስ በኩል ወደ ዳኩ ኪክባክ (ወደ ኋላ የሚመለስ የቮልቴጅ ረብሻ) ይገፋሉ። ሁለቱ መግቢያዎች የሚያዩት ካፓሲታንስ እኩል ከሆነ አብዛኛው ይሰረዛል፤ ካልሆነ ልዩነቱ ውሳኔውን ያዛባል። ስለዚህ ሲሙሌሽኑን በትክክለኛው የዳክ ካፓሲተር እንጂ በአይዲያል (ፍጹም) የቮልቴጅ ምንጭ አታካሂዱ፤ አይዲያል ምንጭ ኪክባክን ሙሉ በሙሉ ይደብቃል።