የልጄ የእጅ ጽሑፍ አይነበብም ለምትሉ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ ብዙ ወላጅ ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ልጁ የኔታ ዘንድ ፊደል ለይቷል፣ ዳዊትም ጀምሯል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጻፍ ያቅተዋል። «ዳዊት የሚደግም ልጅ እንዴት?» ይባላል፣ ቁጣው ይከተላል። ኧረ ልጁ ሰነፍ አይደለም! ቄስ ትምህርት ቤት ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ አነበበ እንጂ አልጻፈም። ቁም ጽሕፈት ድሮም ለብቻው የሚማሩት ሙያ ነው። ዓይኑና አፉ ቀድመዋል፣ እጁ ገና ነው። ስለዚህ ደብተሩን ከማገላበጣችሁ በፊት ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ በሉና እጁን እዩ።

ወረቀቱ ይቀደድበታል፣ እጁ ቶሎ ይደክማል

ገጹን ገልብጡና ጀርባውን በጣታችሁ ዳስሱት። ፊደሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ ልጁ ከሚገባው በላይ እየተጫነ ነው። ጣቶቹንም እዩ፤ ጫፉ ላይ ተጣብቀው፣ ጥፍሩ ሥር ነጣ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ አንድም አያያዙ፣ አንድም የጣቶቹ አቅም ነው። እርሳስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል፣ የመሀል ጣት ጎን ላይ ያርፋል፤ ከተቀረጸው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። በጡጫው የሚጨብጥ ከሆነ አጭር ቁራጭ እርሳስ ስጡት። አጭር እርሳስ ለጡጫ አይመችም፣ ሳትነግሩት ጣቶቹ ቦታቸውን ያገኛሉ።

ለአቅሙ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልግም። የበቆሎ አገር ሰዎች አይደለን? የደረቀ በቆሎ ይፈልፍል። ፍሬዋን ገፍቶ የሚያስወጣት አውራ ጣቱ ነው፣ እርሳሱን የሚቆጣጠረውም እሱው። ምስር ይልቀም፣ በጭቃ በሬ ይሥራ። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓው አጥንት ገና እየጠነከረ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «አምስት ገጽ ገልብጥ» ብሎ መቅጣት አያያዙን ያበላሸዋል እንጂ ጽሑፉን አያሳምረውም፣ ምክንያቱም ሲደክመው የበለጠ ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ የበለጠ ይደክመዋል። እኔ ለዚህ ዕድሜ በአንድ ጊዜ ከአስር ደቂቃ በላይ አላስጽፍም።

ፊደሉ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል

መጀመሪያ አቀማመጡ። መደብ ላይ በሆዱ ተኝቶ ወይም ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚጽፍ ልጅ መስመር ይዞ ሊሄድ አይችልም። ዱካ ላይ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ከፊቱ ሳጥንም ቢሆን አንድ ጠንካራ ነገር ይኑር። የማይጽፍበት እጁ ወረቀቱን ይያዝለት።

ይህም ሆኖ ካልተስተካከለ የእንግሊዝኛውን ደብተር እዩት። እዚያ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለ፣ ከመስመር በታች የሚወርድ ጭራም አለ። ልጁ ያንን ወደ አማርኛው ያመጣዋል። ቤት ስታለማምዱት ሁለቱን ባንድ ጊዜ አታስጽፉት። ለአማርኛው የታችኛውን መስመር በቀይ አስምሩና «እግሩ መስመሩን ይርገጥ» በሉት።

«ቦታ» ብሎ የጻፈው «ባታ» ተብሎ ይነበባል

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ እዩልኝ፣ ትልቁ ጣጣ ያለው የፊደሉ እግር ላይ ነው። «በ» ሁለት እኩል እግር አለው። ራብዕ ሲሆን ግራው ያጥራል፦ ባ። ሳብዕ ሲሆን ቀኙ ያጥራል፦ ቦ። ካዕብና ሣልስ ላይ ደግሞ ጭረቷ ቀኝ እግር ላይ ናት፤ ለ«ቡ» መሀል ላይ፣ ለ«ቢ» ታች ጫፉ ላይ። ልጁ ጭረቷን በመሀልና በታች መካከል ከጣላት ቡሬ ይሁን ቢሬ ማንም አያውቅም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ልጁ ፊደሉን ከታች ወደ ላይ መጻፉ ነው። ከታች የጀመረ ልጅ እግሩ የት ማለቅ እንዳለበት አያይም። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች አስለምዱት፤ ግራ እግር፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ከዚያ ቀኝ እግር።

ከወረቀት በፊት ትሪ ላይ አሸዋ ወይም የተነፋ አመድ አድርጉና በጣቱ ተለቅ አድርጎ ይጻፍ፣ «ግራው አጠረ፣ ባ» እያለ ድምፁን እያሰማ። ከሀ እስከ ፐ በተራ አትሂዱ። እግራቸው አንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸውን አንድ ላይ አድርጉለት፦ በ ባ ቦ፣ ሰ ሳ ሶ፣ ሸ ሻ ሾ፣ ከ ካ ኮ። እንደ ረ እና ፈ ያሉት ከዚህ ደንብ ስለሚወጡ (ሩ፣ ራ፣ ፉ፣ ፋ) መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ይምጡ።

ቃላቱ ተጣብቀዋል

በሁለት ቃላት መሀል ትንሿን ጣቱን ያስቀምጥ። ጣቱን ከረሳ የጥንቱን ሁለት ነጥብ (፡) ያስገባ፣ ብራና ላይ እንደሚጻፈው። ነጥቡን መጣል ሲለምድ ነጥቡ ይቀርና ክፍተቱ ይተካዋል።

ፊደሉን ወደ ኋላ አዙሮ ይጽፋል

እስከ ሰባት ዓመት ድረስ በብዙ ልጅ ላይ ይታያል፣ አትደንግጡ። አሸዋው ላይ አብራችሁት ጻፉ። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ፣ በተለይ ንባቡም ከከበደው፣ ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ።

በግራ እጁ ይጽፋል

ይህስ ችግር አይደለም፣ እባካችሁ እጁን አትምቱት። አያት ቢቆጡም ለእሳቸው በእርጋታ አስረዱ። ችግር የሚሆነው ቀለሙ መበከሉ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስለምንጽፍ እጁ አሁን በጻፈው ላይ ያልፋል። የወረቀቱን አናት ወደ ቀኝ አዘንብሉለት፣ እርሳሱን ከሌላው ልጅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝ። ክፍል ውስጥም ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር እንዳይጋጭ መምህሩ በዴስኩ ግራ ጫፍ በኩል እንዲያስቀምጡት ንገሯቸው።