ፒያሳ ቁጭ ብሎ የአፋርን መሬት መከታተል

መሬት እየተራቆተ መሆን አለመሆኑን በሳተላይት ምስል መከታተል ይቻላል፤ ኮምፒውተሬ ደካማ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ጎግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት ምስል በኮድ የሚተነተንበት የጎግል አገልግሎት) ስሌቱን የሚሠራው በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ፒያሳ አንዱ ካፌ ማኪያቶ አዝዛችሁ፣ በሚንቀራፈፍ ዋይፋይም ቢሆን ይሠራል። ለትምህርትና ለምርምር ነፃ ነው።

ለረጅም ጊዜ ንጽጽር ላንድሳት 5 የተባለውን ሳተላይት ያዙ፣ ምስሉ ከ1984 እስከ 2012 ነው፣ አንዱ ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) 30 ሜትር ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ለቅርቡ ሴንቲነል 2 የተባለው ሳተላይት ይሻላል፤ ከ2015 ወዲህ ነው፣ 10 ሜትር ድረስ ያሳያል። ላንድሳት 7ን ከ2003 አጋማሽ በኋላ ተዉት፣ ምስሉ ሸንተረር በሸንተረር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ቆላ ላይ ዝናብ ትንሽ ከዘነበ ሁሉም ይለመልማል፣ ከቀረ ሁሉም ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ የነሐሴን ምስል ከጥር ጋር አስተያይቶ «መሬቱ ተራቆተ» ማለት ቀልድ ነው። ጥርን ከጥር ጋር አስተያዩ። ኮዱ የሚቀበለው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ በግምት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሯሪ 7 ብላችሁ ስጡት። እሱም ብቻውን አይበቃም፦ የ2015ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ማግስት ያለው ጥር እንደ በረሃማነት ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ከ1981 ጀምሮ ያለውን የቺርፕስ የዝናብ መረጃ ጎን ለጎን ክፈቱና ዝናቡ ተመልሶ አረንጓዴው ያልተመለሰበትን ቦታ ፈልጉ።

አረንጓዴነቱን የምትለኩት በኤንዲቪአይ ነው። ከቅርብ ኢንፍራሬድ (ዓይን ከማያየው ብርሃን) ላይ ቀዩን ቀንሱ፣ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። እነዚህ ሁለቱ በሴንቲነል 2 ባንድ (ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበው የብርሃን ክፍል) 8 እና 4፣ በላንድሳት 8 ባንድ 5 እና 4፣ በላንድሳት 5 ባንድ 4 እና 3 ናቸው። ካምታታችሁት ኮዱ ዝም ብሎ የማይረባ ካርታ ያወጣላችኋል። ተክሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ከአፈሩ የሚንጸባረቀው ብርሃን ስለሚረብሽ «ሳቪ» የተባለውን፣ ይህን የሚያስተካክል ተመሳሳይ መለኪያ ሞክሩ።

ለልምምድ ከመተሃራ እስከ አዋሽ ዝቅተኛ ሸለቆ ያለውን ምረጡ። በሰቃ ሐይቅ ከ1980ዎቹ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋ ያለ ምንም ስሌት በዓይን ይታያል። ወደ አፋር ስትወርዱ ግን ተጠንቀቁ፦ በጥር ሣሩ ደርቆ አረንጓዴ የሆነ ነገር ካያችሁ ወይ መስኖ ነው ወይ ፕሮሶፒስ (ግጦሽ የሚወርር እሾሃማ መጤ ዛፍ)። በኤንዲቪአይ ቁጥር ብቻ ለመለየት ያስቸግራሉ። የሸንኮራ ማሳ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የተቆረጠው ክፍል ለብቻው ቡናማ ይሆናል። ፕሮሶፒስ ግን ወንዝና መንገድ ተከትሎ፣ ጠርዙ እንደተቦጫጨቀ፣ ከዓመት ዓመት ወደ ግጦሹ ይገባል። ካጠራጠራችሁ በጎግል ኧርዝ የድሮ ምስሎች ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ካልሆነም እዚያ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከብት የሚያግድ ሰው የቱ ግጦሽ መቼ እንደተዘጋ ከማንኛውም ካርታ በላይ ያውቃል።